ለድሬ ልጆች የስኪን ታሪክ እንዴት እንንገራቸው?

በድሬ ሙቀት ለተቀመጠ ተማሪ ስለ በረዶ ማውራት ከባድ ይመስላል። አይደለም። የትምህርት ቤት ታሪክ ወይም ቱሪዝም ክበብ የምትመሩ፣ አስጎብኚነት የምትማሩም ካላችሁ፣ የአውሮፓዎቹ የአልፕስ ተራሮች የስኪ ታሪክ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ግሩም ርዕስ ነው። ስኪ ማለት ረጃጅም ቀጫጭን እንጨቶች እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው። ውስጡ በሽታ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ውርርድ አለ፣ ባቡርም አለ። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ ስትጽፏቸው 7 ወይም 8 ቀንሳችሁ የኛንም ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ከሐረር ጀምሩ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስኪ ስሟ የገነነው የስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ሌላዋ የስዊዘርላንድ ከተማ ዳቮስ ደግሞ 1,560 ገደማ። እንግዲህ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ሐረር የደረሰ ልጅ ከሴንት ሞሪትዝ ከተማ ከፍ ብሎ ቆሟል ማለት ነው። ይህን ስትናገሩ ክፍሉ ይነቃል፤ ወዲያው ደግሞ «ታዲያ አቦ፣ እኛ ጋ በረዶው የታለ?» ይመጣል። ካርታ አውጡ። ሐረር ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ሴንት ሞሪትዝ 46 ላይ። እዚያ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ቀኑ ያጥራል፣ ፀሐይም ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው፣ ስለዚህ የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ ለወራት ይከመራል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሆቴሎቹ ለስኪ የተሠሩ ይመስለዋል። ስኪው የመጣው ዘግይቶ ነው! ስለዚህ ከእንጨቱ በፊት ሰዎቹን አስቀድሙ።

ዳቮስ ላይ አሌክሳንደር ሽፔንግለር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። የአካባቢው ሰው በሳንባ ነቀርሳ እምብዛም እንደማይያዝ አስተዋለ፤ የተራራው አየር ያድናል ብሎም አመነ። ከ1865 ጀምሮ በሽተኞች በብርድ ወቅት ሳይቀር ይመጡ ጀመር። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የተገኘው በ1940ዎቹ ስለሆነ፣ ለእነዚያ ሰዎች የነበረው ተስፋ ፀሐይ፣ ዕረፍትና ንጹሕ አየር ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ልጆቹ ይጠይቁ።

ሴንት ሞሪትዝ ላይ ደግሞ ዮሐንስ ባድሩት የሚባል ባለሆቴል ነበር። እንግሊዞች በሙቀቱ ወራት መጥተው ይሄዳሉ፣ በብርዱ ወራት ግን ዝር የሚል የለም። የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው፦ በ1864 ባድሩት እንግዶቹን «በብርዱ ተመለሱ፤ ፀሐዩ ካልጣማችሁ የመንገዱን ወጪ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ተወራረደ። መጡ፣ እስከ ፋሲካ ድረስም ቆዩ ይባላል። ያኔ እኛ ጋ ዙፋኑ ላይ አጼ ቴዎድሮስ ነበሩ። የእነዚያ ዘመን እንግዶች ጨዋታ ሐይቅ ላይ በጠጠረ በረዶ መንሸራተት፣ ወይም እንጨት ላይ ተቀምጦ ቁልቁል መውረድ ነበር።

ባቡሩ ለድሬ ልጅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሐዲዱ ሐረር መውጣት ስላቃተው በ1902 ድሬዳዋ ተወለደች። በአልፕስ ግን ሐዲዱን ተራራው ላይ አወጡት፦ በ1884 ኦስትሪያ ውስጥ የአርልበርግ የባቡር ዋሻ ተከፈተ፣ በ1890 ባቡር ዳቮስ ገባ፣ በ1904 ሴንት ሞሪትዝ። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ አስሏቸው። ለአጼ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ ያስጀመረው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ራሱ ስዊዘርላንዳዊ እንደነበርም ንገሯቸው።

አሁን ወደ ስኪው። እዚህ ላይ ንግግር ቀንሱና አሳዩ። አንድ ልጅ ነጠላ ጫማ አድርጎ እየሮጠ ድንገት ይታጠፍ። ተረከዙ ከጫማው ይወጣል። ቀጥሎ ከኋላ ማሰሪያ ባለው ሰንደል ይድገመው። የኖርዌዩ ሶንድሬ ኖርሃይም ለውጥ ይኸው ነው፤ ተረከዝን የሚይዝ ማሰሪያ ከተጠማዘዘ የዛፍ ቅርንጫፍ ሠራ፣ በዚያም መታጠፍና መዝለል ቻለ። በ1868 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ ተወዳድሮ ሰውን አስደነቀ።

ከኖርዌይ ወደ አልፕስ የተሻገረበትን መንገድ ፍሪትዮፍ ናንሰን ይንገርላችሁ። በ1888 ግሪንላንድን በስኪ አቋረጠ። የጉዞ ታሪኩ በጀርመንኛ ሲወጣ በአልፕስ ያሉ ሰዎች ከኖርዌይ ስኪ ማስመጣት ጀመሩ። ከእነሱ አንዱ ኦስትሪያዊው ማቲያስ ዝዳርስኪ ነው። ረጅሙ የኖርዌይ ስኪ ለቀጥ ያለ ተራራ አልመች ሲለው አሳጠረው፣ ማሰሪያውን በብረት ቀየረ፣ በአንድ ዱላ ብቻ እየተጠማዘዘ መውረድን አስተማረ። በ1905 ሊሊየንፌልድ አጠገብ በምልክቶች መሃል የሚታለፍበት ውድድር አዘጋጀ።

ሸርሎክ ሆምስን የፈጠረውን አርተር ኮናን ዶይልን አትርሱት። ዳቮስ የመጣው ሚስቱ ሳንባ ነቀርሳ ስለያዛት ነው። በ1894 ከዳቮሶቹ ከብራንገር ወንድማማቾች ጋር ተራራ አቋርጦ ከዳቮስ ወደ ጎረቤቷ አሮዛ በስኪ ገባ፤ ከዚያም በመቶዎች የሚቆጠሩ እንግሊዞች ለዚህ ብለው የሚመጡበት ጊዜ እንደሚደርስ ጻፈ። በሽታውም፣ ስኪውም፣ ቱሪዝሙም አንድ ሰው ላይ ስለተገናኙ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

የቀረውን በፍጥነት እለፉት። ኦስትሪያዊው ሐነስ ሽናይደር ከ1907 ጀምሮ በኦስትሪያዋ ሴንት አንቶን የስኪ አስተማሪ ሆኖ ጀማሪውንና የበረታውን በየደረጃው ለይቶ ማስተማርን አስፋፋ። በ1938 ናዚዎች አሰሩት፤ በኋላ አሜሪካ ገባ። እንግሊዛዊው አርኖልድ ለን በ1922 በስዊዘርላንዷ ሙረን ላይ የዘመናዊውን ስላሎም፣ ማለትም በምልክቶች መሃል እየተጠማዘዙ የሚወርዱበትን ውድድር፣ መልክ አስያዘ። በ1934 ዳቮስ ላይ ሰውን ሽቅብ የሚጎትት ሊፍት ተተከለ። ከዚያ በፊት ለደቂቃዎች ቁልቁለት አብዛኛውን ጊዜ ሰዓታት በእግር ይወጣ ነበር።

ከዚያ ክፍሉን ለሦስት ከፍላችሁ አከራክሯቸው፦ የአልፕስ ስኪ አባት ኖርሃይም ነው፣ ዝዳርስኪ ወይስ ለን? እኔ ለዝዳርስኪ አደላለሁ፤ ተራራውን አይቶ መሣሪያውን የለወጠው እሱ ነው። ልጆቹ ግን የራሳቸውን ምክንያት ያምጡ።

ጊዜ ካጠራችሁ ለንንና ሽናይደርን ዝለሉ። ዳቮስንና የሰንደሉን ሙከራ ግን አትቁረጡ። አምስት ደቂቃም ለሮቤል ተክለማርያም አስቀሩ። በክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ በ2006 የቱሪን ኦሊምፒክ በስኪ ሲወዳደር መድረኩ እዚያው የጣሊያን አልፕስ ውስጥ ያለችው ፕራጄላቶ ነበረች። ካርታው ላይ ልጆቹ ራሳቸው ፈልገው ያግኟት።