ዋይፋዩ ራውተሩ ሥር ካልሆነ አልይዝ ሲል

ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ ይህን ነው። "ሳሎን ራውተሩ አጠገብ ይሠራል፤ መኝታ ቤት ስገባ ይጠፋል። ስልኬ ግን እዚያው ሆኖ ይይዛል።" እኔም "በቅርቡ ተከፍቶ ነበር?" እላለሁ። "አዎ፣ ፋኑን አስጸድቼ ነበር።"

በቃ። ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አትነካኩ፣ ዊንዶውስም እንደገና አትጫኑ። ችግሩ የአንቴናው ገመድ ነው።

ላፕቶፑ ውስጥ ዋይፋይ ከሚቀበለው ትንሽ ካርድ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ይነሳሉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። በማጠፊያው በኩል አልፈው ስክሪኑ ዙሪያ ወዳሉት አንቴናዎች ይሄዳሉ። ጫፋቸው ላይ ያለችው ክብ መሰኪያ ከምስር ፍሬ ታንሳለች። ፋን የሚያጸዳው ሰው ነቅሎ ይረሳታል፤ ወይም በደንብ ሳትገባ ክዳኑን ይገጥምባታል። ካርዱ ያለ ገመድም ቢሆን የቅርብ ሲግናል ስለሚይዝ ማንም አይጠረጥርም።

አንዲት ተማሪ ሦስት ቦታ ወስዳው ነበር። ሁለቴ ዊንዶውስ ጭነውላታል፤ በሁለተኛው የመመረቂያ ጽሑፏ አብሮ ጠፋ። ስከፍተው ነጩ ገመድ ባትሪው ጎን ተጣጥፎ ተኝቷል። ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እስካሁን ያናድደኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ። እንደከፈታችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት አላቁ። ይህን ዘሎ ማዘርቦርድ ያቃጠለ ሰው አይቻለሁ። መሰኪያዋን በወረንጦ ይዛችሁ ካርዱ ላይ ካለው ጉጥ ትክክል አስቀምጡ። ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩ፤ ካዘመመች አትጫኑ። ቀጥ ካለች በጥፍራችሁ ወደ ታች ጫን አድርጉ፣ ቀጭ ትላለች። በፒንሳ እንዳትሞክሩ! ጉጡ ከተጣመመ ካርድ መቀየር ነው። ስትነቅሉም ገመዱን አትሳቡ፤ መሰኪያዋን ከሥር ቀና አድርጉ። የተሠራችው ወደ 30 ጊዜ ለመነቀልና ለመሰካት ነውና አትጫወቱባት።

ካርዱ ከነጭራሹ ከዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ከጠፋ ቻርጀሩንና ባትሪውን ነቅላችሁ ፓወሩን ለ30 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ካርዱን አውጥታችሁ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ጥረጉ።

የ5 ጊጋኸርዝ ኔትወርክ ብቻ የማይታያችሁ ከሆነ ካርዱ በ2.4 ብቻ የሚሠራ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ዴስክቶፕ ላይ ዋይፋይ ሠርቶ ብሉቱዝ እምቢ ካለ፣ ከካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው የዩኤስቢ ገመድ ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ካርድ ስትገዙ "ሁሉም አንድ ነው" የሚላችሁን አትስሙ። የኢንቴል ኤኤክስ 201 ካርድ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ አይሠራም፤ ኤኤክስ 200 ግን ይሠራል። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ባዮሳቸው (ሲበሩ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) የማያውቀውን ካርድ አይቀበልም።

ፋን ስታስጸዱ ከሱቁ ሳትወጡ የስልካችሁን ሆትስፖት አብሩ። ላፕቶፑን ከሆትስፖቱ አገናኝታችሁ ጠረጴዛው ላይ ተዉትና ስልኩን ይዛችሁ አሥራ አምስት እርምጃ ራቁ። ከተቆራረጠ እዚያው አስከፍቱት።