በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞችን እንዴት መመልመልና ማቆየት ይቻላል?

በአሜሪካ ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ሲባል፣ 911 ተደውሎ እሳት ለማጥፋት ወይም ሕመምተኛ ለማንሳት የሚደርሰው ሰው ብዙ ጊዜ ደመወዝ የማይከፈለው የአካባቢው ነዋሪ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1736 በፊላደልፊያ ከወዳጆቹ ጋር ካቋቋመው የእሳት አጥፊዎች ማኅበር ወዲህ ይህ ልማድ አልተቋረጠም፤ ዛሬም ከአገሪቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 900,000 ይጠጋ የነበረው ቁጥራቸው በ2020 ወደ 677,000 ገደማ ሲወርድ፣ የጥሪው ብዛት በዚያው ዘመን ሦስት እጥፍ ያህል አድጓል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ተከፋይ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ጎን ለጎን ያገለግላሉ። የሚከተለው መመሪያ እንዲህ ባለ ጣቢያ የአባላት ጉዳይ ለተሰጠው፣ ወይም ጣቢያውን ከማኅበረሰቡ ጋር ለማገናኘት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው።

1. ከምልመላው በፊት የሄዱትን ያነጋግሩ

አዲስ ሰው ከመፈለግዎ አስቀድሞ ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ጣቢያውን የተዉትን ሰዎች ስም ያውጡና አንድ በአንድ ይደውሉላቸው። አደጋውን ፈርተው የተዉት ጥቂት ሆነው ያገኟቸዋል። የሚበዛው ምክንያት የሥራ ሰዓት መቀያየር፣ የልጆች ጉዳይ፣ ከአለቃ ጋር አለመግባባት፣ ወይም ጣቢያው ድረስ መጥቶ የሚሠራ ነገር ሳይሰጡት ተቀምጦ መመለስ ነው። ከእነዚህ መካከል ጣቢያው ሊያስተካክላቸው የሚችሉትን ሳያስተካክሉ ማስታወቂያ ማውጣት በሚያፈስ ገንዳ ውኃ መሙላት ይሆናል።

2. የጎደለውን ሰው ለይተው ይግለጹ

«በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ማንንም በስሙ አይጠራም። የጥሪ መዝገቡን ከፍተው አምቡላንሱ በሰው እጦት መውጣት ያልቻለባቸውን ቀንና ሰዓት ይመልከቱ። ክፍተቱ በሥራ ቀን ከረፋድ እስከ ቀትር ከሆነ፣ የሚፈለገው ሌሊት የሚሠራ ነርስ፣ ሰዓቱን ራሱ የሚወስን የታክሲ ሾፌር ወይም ጡረተኛ ነው። ጭስ ውስጥ መግባት የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰውም ሒሳብ በመያዝ፣ ገቢ በማሰባሰብ፣ ረጅም እሳት ላይ ላሉት ምግብና ውኃ በማድረስ ጣቢያውን ሊያገለግል ይችላል።

3. ሥራውን እንዳለ ይንገሩ

የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ከሚቀበሏቸው ጥሪዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሕክምና ነው። ነበልባል በሚታይበት ፎቶግራፍ ተስቦ የመጣ ወጣት፣ የወደቁ አዛውንት በማንሳትና የስኳር መጠን በመለካት ወራት ሲያሳልፍ እንደተታለለ ሊሰማው ይችላል። ስለ ሥልጠናውም አይሸፍኑ፦ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ፣ ማለትም የኢኤምቲ ኮርስ ብዙውን ጊዜ 150 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ደረጃ የእሳት አደጋ ሥልጠናም ከ100 ሰዓት ያልፋል። በአንጻሩ በሜሪላንድ የጣቢያ አባል የሆነ ሰው በዩኒቨርሲቲው ሥር ባለው የእሳትና ነፍስ አድን ተቋም በነፃ መማር እንደሚችል፣ የተገኘውም ሙያ ለነርስነት ወይም ለተከፋይ ሥራ መንደርደሪያ እንደሚሆን መናገር ተገቢ ነው። ዕድሜንና የመኖሪያ ፈቃድን በተመለከተ ጣቢያው የሚጠይቀውን አጣርተው በጽሑፍ ይያዙ፤ ሰው ተስፋ ካደረገ በኋላ «አትችልም» መባሉ ቤተሰቡን ጭምር ያርቃል።

4. ሰው ባለበት ቦታ በሰው በኩል ይጠይቁ

በራሪ ወረቀት ብዙ አያመጣም። ከሁሉ የሚሻለው አባል የሆነ ሰው የሚያውቀውን ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቅ ነው። በእኛ በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ መንገዱ የታወቀ ነው፦ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ፣ በመስጊድ፣ በእድር ስብሰባ፣ ልጆች አማርኛ በሚማሩበት ትምህርት ቤት። የእድር ሰብሳቢውን ወይም የደብሩን አስተዳዳሪ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ባዶ እጅዎንም አይሂዱ። የልብ ምት ሲቆም ደረት እንዴት እንደሚጫን ለአንድ ሰዓት በአማርኛ ማስተማር ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ሰው ይስባል። በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ ተንበርክከው ትክክለኛውን ጥልቀት አግኝተው ፈገግ ያሉትን ያስተውሉ፤ ስልካቸውን መቀበል ያለብዎት ከእነርሱ ነው። ደረቱን የሚያፍነው አባት ሕመሙን በራሱ ቋንቋ የሚናገርለት ሰው አምቡላንሱ ላይ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም።

5. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አያባክኑ

በእኔ አስተያየት ምልመላ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ነው። ማመልከቻ ያስገባን ሰው በሁለት ቀን ውስጥ በስልክ ያነጋግሩት፤ ለሦስት ሳምንት ዝም ከተባለ ሌላ ነገር ጀምሮ ይቆያል። የወንጀል መዝገብ ማጣሪያውና የጤና ምርመራው ጊዜ መውሰዳቸው አይቀርም። በተለይ የጤናው ምርመራ ሊታለፍ አይገባም፤ በሥራ ላይ ከሚሞቱት የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ድንገተኛ የልብ ችግር ነውና።

ወረቀቱ እስኪያልቅ ግን ሰውየው ቤቱ ይቀመጥ ማለት አይደለም። ሳምንታዊው ልምምድ ባለበት ምሽት ይምጣ፤ በሩ ላይ ስሙን የሚያውቅ ሰው ይቀበለው። የእሳት አደጋ መኪናው የዕቃ ሳጥኖች ተዘግተው እያሉ በየትኛው ውስጥ ምን እንዳለ በቃሉ እንዲጠራ፣ ከዚያም ከፍቶ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ፈቃድም ሆነ መድን የማይጠይቅ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ሌሊት በጨለማ መጥረቢያ ወይም ቱቦ አምጣ ሲባል ዋጋው ይታያል። ማጣሪያው እንዳለፈም አምቡላንሱ ላይ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ቦርሳ ይያዝ፣ ሰዓት ይመዝግብ። ለእያንዳንዱ አዲስ አባል አንድ ነባር አባል በስም ይመደብለት። «ሁላችንም እንረዳሃለን» ከተባለ የሚረዳው አይገኝም።

ልብሱንም አይርሱ። ለሴት አባል የወንድ ጓንትና ሰፊ ቡትስ አስታጥቆ «ልምምዱ ከበዳት» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

6. ተራውን ከሰዎቹ ሕይወት ጋር ያስማሙ

ቀድሞ በጎ ፈቃደኛ ከቤቱ ወይም ከሱቁ ሮጦ ይመጣ ነበር። ዛሬ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ ተራ ይሻለዋል። አጭር ተራ ይፍቀዱ፤ ልምምዱን በቀንም በምሽትም ይድገሙት። የእሑድ ጠዋት፣ የዓርብ ቀትርና የረመዳን ምሽት ለማን እንደሚከብዱ ይወቁ። እዚህ ላይ እኛ ሳንከፍልበት የምናበረክተው ነገር አለ፦ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ዲሴምበር 25 ቀን ሌሎቹ ከቤተሰባቸው ጋር ሲውሉ ጣቢያውን ልንጠብቅ እንችላለን፤ ጃንዋሪ 7 ቀን ደግሞ እነርሱ ይተኩናል። የጾም ሰሞን ጣቢያው ለእራት ሥጋ ብቻ የሚያቀርብ ከሆነም አንድ ድስት ሽሮ ችግሩን ይፈታዋል።

7. ጥቅማ ጥቅሙን ያስረዱ

ብዙ ጣቢያዎች ያላቸውን ጥቅም ለአባሎቻቸው በደንብ አይነግሩም። በሜሪላንድና በሌሎች ግዛቶች የአገልግሎት ዘመን ሽልማት የሚባል ሥርዓት አለ፤ አባሉ በጥሪ፣ በሥልጠናና በስብሰባ ነጥብ ይሰበስባል፣ በብዙ ቦታ በዓመት 50 ነጥብ ያሟላ ዓመቱ ይቆጠርለታል፣ ውሎ አድሮም ወርኃዊ ክፍያ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሥራ ላይ ለሚሞቱ የሕዝብ ደኅንነት ሠራተኞች ቤተሰቦች የሚሰጠው ካሣ በጎ ፈቃደኞችንም ይጨምራል። ለምልመላው ወጪ ደግሞ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ ኤጀንሲ ፌማ «ሴፈር» በሚባለው ድጎማው ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን ለመመልመልና ለማቆየት የሚውል ገንዘብ ይመድባል፤ የማመልከቻው መስኮት አጭር ስለሆነ የጥሪ አኃዛችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

8. ከከባድ ጥሪ በኋላ ብቻውን አይተዉት

ሕፃን የሞተበት ወይም ሰው የተቃጠለበት ጥሪ ካለፈ በኋላ ቡድኑ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብሎ ይነጋገር፤ በማግሥቱ የተመደበለት ነባር አባል ይደውልለት። የእኛ ሰው «ደህና ነኝ» ማለት ስለሚቀናው፣ አንድ ጊዜ ጠይቆ መልሱን አምኖ መተው አይበቃም። ተራውን ሁለት ጊዜ የቀረ አባል ካለ፣ የተግሣጽ ደብዳቤ ከመላክ በፊት ምን እንዳጋጠመው ይጠየቅ።

9. የሚሄደውን በአግባቡ ይሸኙ

የሚለቅ አባል ምክንያቱን ከቅርብ አለቃው ሌላ ለሆነ ሰው እንዲናገር ዕድል ይስጡ፤ አለቃው ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላልና። ልጅ ስለወለደ ወይም ትምህርት ስለጀመረ የሚሄደውን ከመዝገብ ከመሰረዝ ይልቅ የዕረፍት ፈቃድ ይስጡት። የኢኤምቲው ብሔራዊ ምስክር ወረቀት በየሁለት ዓመቱ የሚታደስ ስለሆነም፣ ጊዜው ከማለፉ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ይደውሉለትና የጎደለውን የማደሻ ሥልጠና ሰዓት ከጣቢያው አባላት ጋር እንዲያሟላ ይጋብዙት።