«ምንም አልሆንኩም» አይበሉ፦ ከመኪና አደጋ በኋላ ካሳ የሚያሳጡ ስህተቶች

አንድ ወዳጄን መብራት ላይ ቆሞ ሳለ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨው። ወረደ። ጎንበስ ብሎ ፓራውልቱን አየ። ገጪው እየተንቀጠቀጠ «ወንድሜ፣ ተጎዳህ እንዴ?» ሲለው «ኧረ ምንም አልሆንኩም» አለው። ተጨባብጠው ተለያዩ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ አንገቱን ማዞር አቃተው። ደወለለት። የሰውዬው መልስ አጭር ነበር፦ «አንተው ራስህ ምንም አልሆንኩም ብለኸኝ የለ?»

እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ያንገበግበኛል። የተጎዳ ሰው ካሳውን ብዙ ጊዜ የሚያጣው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው።

በራስ ላይ ሐኪም መሆን

ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን ይለቃል። ይሄ ነገር ሕመምን ይሸፍናል። ከኋላ ሲገጩ ጭንቅላት ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወናጨፋል፤ የአንገት ጡንቻና ጅማት ይጎዳል። ሕመሙ ግን ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ሊጀምር ይችላል። ጭንቅላት ከተመታ ደግሞ ቀስ እያለ የሚፈስ ደም ምልክቱን ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊያሳይ ይችላል። ሆድዎ ላይ የመኪና ቀበቶ ሰንበር ካዩ አይናቁት፤ ውስጥ የተጎዳ አካል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ተጎዱ ወይ?» ሲባሉ «ገና አላወቅኩም፣ እመረመራለሁ» ይበሉ። እውነቱም ይኸው ነው።

ቦታውን ሳያስመዘግቡ መሄድ

ፖሊስ ይጠሩ። መኪኖቹ ሳይነሱ ፎቶ ያንሱ፤ አደገኛ ከሆነ ግን ነፍስ ትቀድማለች። ከሩቅም ከቅርብም ያንሱ፦ ታርጋ፣ የጎማ ጭረት፣ የመንገድ ምልክት። የሹፌሩን መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የእማኞችን ስልክ ይያዙ። አካባቢው ላይ ካሜራ ካለ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ። ብዙ ካሜራዎች አሮጌውን ቀረጻ አጥፍተው በላዩ ላይ ስለሚቀርጹ ቆይተው ቢሄዱ ባዶ ነው።

ከይሉኝታ የተነሳ ጥፋት መካፈል

«እኔም ትንሽ አጥፍቻለሁ» የምትል ቃል በብዙ አገር ሕግ ዋጋ ታስከፍላለች። የጥፋቱ 30 በመቶ የእርስዎ ነው ከተባለ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ያዩትን ብቻ ይናገሩ።

ሕክምናን ማቋረጥ

ወዳጄ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ካርዱ ላይ የተጻፈለት ግን «የአንገት ሕመም» ብቻ ነበር። በመኪና ተገጭቼ ነው አላለም። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ጉዳቱን ከአደጋው ጋር ታያይዝለት ነበር። መቼና እንዴት እንደተገጩ ተናግረው ያስጽፉ። ቀጠሮ አይዝለሉ፤ ኢንሹራንሱ «ቢያመው ኖሮ ይመጣ ነበር» ይላል። ቤትዎ ደብተር ይያዙ። «ማክሰኞ፦ ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ ልጄ አሰረችልኝ» የሚል መስመር ሐኪም የማይጽፈውን ያስታውስልዎታል።

ደግሞ በዚህ ጊዜ ሠርግ ላይ የጨፈሩበትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ አይልቀቁ። በሕመም ማስታገሻ ቆመው እንደነበር ፎቶው አይናገርም።

ቶሎ የመጣ ገንዘብ ላይ መፈረም

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ገና ራጁ ሳይነበብ ከኢንሹራንስ ይደወላል፤ ሰውዬው ትሁት ነው፣ ገንዘቡም ዝግጁ ነው። የሕክምና ወጪ ለጨነቀው ሰው መቃወም ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ቃል ይኖራል። ከፈረሙ በኋላ ከወራት በኋላ ኦፕሬሽን ቢያስፈልግዎ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ተዘግቷል። ለመኪናው ጥገና ብለው የሚፈርሙትንም በደንብ ያንብቡ፤ የአካል ጉዳቱ አብሮ ተጠቅልሎ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ ይህን ያህል ነው የሚሻልዎት» እስኪል ይታገሡ። ከዚያ ሒሳቡን ይሥሩ። የመድኃኒት ደረሰኝ ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፤ ወደ ሕክምና የተመላለሱበት ትራንስፖርት፣ ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ፣ ቀሪ ሕክምና አለ። እርስዎን ለማስታመም ሥራዋን የተወች እህት ካለችም ይመዝግቡት።

ቀን ማሳለፍ

ሹፌሩ ተፈረደበት ማለት ካሳዎ ተከፈለ ማለት አይደለም። በብዙ አገር ወንጀሉና የካሳው ጥያቄ የተለያዩ ናቸው። ካሳ የመጠየቅ መብት ደግሞ ይርጋ፣ ማለትም ካለፈ መብቱ የሚቀርበት የጊዜ ገደብ፣ አለው፤ ርዝመቱ ከአገር አገር ይለያያል። ከኢንሹራንስ ጋር እየተደዋወሉ መሆንዎ ይርጋውን ላያቆመው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠበቃ ዘንድ ሄደው «የመጨረሻ ቀኔ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የነገሩዎትን ቀን እዚያው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።