የምትወዱትን ባንድ በአካል ለማየት ስትሄዱ

የመጀመሪያውን ዘፈን ከአጥር ውጪ ሆኜ ነው የሰማሁት። ጃኖ ባንድን በአካል ለማየት ወራት ጠብቄያለሁ፣ ትኬቱንም ቀድሜ ገዝቻለሁ። በዕለቱ ግን "የሐበሻ ቀጠሮ ነው፣ መቼ በሰዓቱ ይጀምራሉ" ብዬ ካፌ ውስጥ ቁጭ አልኩ። በሰዓቱ ጀመሩ። ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ግቢ በር ላይ ለፍተሻ ተሰልፌ እያለሁ ጊታሩ ጮኸ። ከፊቴ የነበረው ልጅ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ "በቃ፣ አመለጠን!" አለ። የኔም ሆድ እንደዚያው ነበር የሆነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኮንሰርት ሄጃለሁ። ይህን የምጽፈው የሚወደውን የሮክ ባንድ መሃል አዲስ አበባ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያይ ለሚዘጋጅ ሰው ነው። እኔ የጃኖ ሰው ስለሆንኩ ምሳሌዬ በአብዛኛው ጃኖ ነው። ለሌላ ባንድም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት ቤት ውስጥ ነው። ዘፈኖቹን አጥኑ። አጥኑ ስል በቃ ስልክ ላይ ከፍታችሁ ዕቃ እያጠባችሁ ስሙ ማለቴ አይደለም። በኛ አገር ዘፈን አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። በሠርግ እንዲሁ ነው፣ በጥምቀት እንዲሁ ነው። ለቡሄ "ሆያ ሆዬ" ሲባል "ሆ!" የሚል ከሌለ ጨዋታው እዚያው በሩ ላይ ይሞታል። ኮንሰርትም ላይ ድምፃዊው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር የሚፈልገው ተቀባይ ነው፣ ተቀባዩም እናንተ ናችሁ። ስንኙን ግማሽ ድረስ አውቃችሁ ቀሪውን "ናናና" የምትሉ ከሆነ የምሽቱ ትልቁ ደስታ በአጠገባችሁ ያልፋል።

የጃኖን "ኤርታሌ" አልበም ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የወጣው፣ ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ስሙ የአፋሩ እሳተ ገሞራ ነው፣ ድምፁም ይመጥነዋል። መጀመሪያ አልበሙን ሙሉውን ሳታቋርጡ ስሙት። በሁለተኛው ዙር ተቀባዮቹን ብቻ ተከተሉ። አልበሙ ላይ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያን ስላሉ ማን የቱ ጋ እንደሚገባ ለይታችሁ ስታውቁት መድረክ ላይ ዓይናችሁን የት እንደምታደርጉ ታውቃላችሁ። በሦስተኛው ዙር ቤዙንና ድራሙን ብቻ አድምጡ። ቤዝ በስልክ ስፒከር አይሰማም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ተዋሱ። ኮንሰርት ላይ ደረታችሁን የሚመታው እሱ ነው፣ ቀድማችሁ ተዋወቁት።

ቅኝትም ትንሽ ብታውቁ ይጠቅማል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። የጃኖን ነገር ልዩ የሚያደርገው ለኔ እዚህ ጋ ነው፤ ማሲንቆ የሚያለቅስበትን መንገድ ይዞ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲጮህበት ሰውነት የሚያውቀው ነገር ባልለመደው ጉልበት ይመጣበታል። ለዚህ ነው አንዱ ጭንቅላቱን እየወዘወዘ ሲዘል አጠገቡ ያለችው ልጅ እስክስታ የምትመታው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የባንዱም ስም ዳር እስከ ዳር ቀይ ጥለት ያለው የጥንቱ የመኳንንት ልብስ ነው፣ ጃኖ።

ወደ ቦታና ሰዓት እንምጣ። ኮንሰርት የሚበዛው በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በፋሲካ ሰሞን ነው። በዓቢይ ጾም ብዙም አትጠብቁ። ክረምት ላይ ሜዳ ላይ የሚደረግ ከሆነ ዝናብ እንዳለ አስቡ። ጃንጥላ ግን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሯችሁ ይችላሉ፣ ቢገባም የኋላውን ሰው ዓይን ይጋርዳል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ይበቃል።

ፖስተሩ ላይ ያለውን ሰዓት ሁለቴ አንብቡ። "8:00" ካለ የቀኑ 8 ሰዓት ነው ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ማለትም ከምሽቱ 2 ሰዓት? በተለይ የውጭ ባህል ማዕከላትና ሆቴሎች የሚያዘጋጁት ላይ በፈረንጅ ሊጻፍ ይችላል። ካልገባችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በር ከሚከፈትበት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የሐበሻ ቀጠሮን አትመኑ፣ እኔን አይታችኋል።

ቦታውንም አረጋግጡ። ፒያሳና ካዛንቺስ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በጣም ተቀይረዋል፣ ድሮ ሙዚቃ የምትሰሙበት ቤት ዛሬ እዚያ ላይኖር ይችላል። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው የሙዚቃ ቤት ጃዛምባም አብሮ ሄዷል፣ እስካሁን ሲነሳ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ "አውቀዋለሁ" ብላችሁ አትነሱ፣ ቀን ላይ በዚያ በኩል ካለፋችሁ በሩን አይታችሁ እለፉ።

ትኬት ቀድማችሁ ግዙ፣ አዘጋጁ ካሳወቀው ቦታ ብቻ። በቴሌብር ከከፈላችሁ የማረጋገጫ መልእክቱን ስክሪንሹት አድርጉት፣ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ኔትወርክ ይጠፋል። በር ላይ የሚዞሩ ልጆች በርካሽ ሲሏችሁ አትቀበሉ፣ የውሸት ሊሆን ይችላል። ቪአይፒ ስለሚባለው ደግሞ ሐሳቤን ልንገራችሁ። ወንበርና ጠረጴዛ ነው። ለሮክ ባንድ ወንበር ምን ያደርጋል? ከእናታችሁ ወይም ከታላቅ ሰው ጋር ካልሆነ በቀር ብራችሁን ይዛችሁ ከጀማው ጋር ቁሙ።

ከመግባታችሁ በፊት ብሉ። ሽሮም ሆነ ፍርፍር፣ ብቻ ሆድ የሚይዝ ነገር። ውስጥ ያለው ውድ ነው፣ ወረፋውም ዘፈን ያሳልፋል። ልብስ ደርባችሁ ሂዱ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስትዘሉ ያልባችኋል፣ ስትወጡ ብርዱ ይቀበላችኋል። ሹራቡን ወገባችሁ ላይ እሰሩት። ጫማ ሸራ ወይም ጠንካራ ቆዳ፣ ክፍት ጫማ በፍጹም። መታወቂያ ያዙ። ትልቅ ቦርሳ ተዉት።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ የት ትቆማላችሁ? ብዙ ሰው "ከፊት!" ይላል፣ እኔም እል ነበር። ከፊት መቆም የራሱ ነገር አለው፣ የጊታሪስቱን ጣት ታያላችሁ፣ ድራመሩ በትሩን ሲያነሳ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ፣ ላቡ ሳይቀር ይታያችኋል። ድምፁ ግን እዚያ ጥሩ አይደለም። የዘፋኙ ድምፅ የሚመጣው ከመድረኩ ግራና ቀኝ ካሉት ትልልቅ ስፒከሮች ነው፣ መሃል ፊት ለፊት ከቆማችሁ ስፒከሮቹ በጎናችሁ አልፈው ወደ ኋላ ነው የሚልኩት። እናንተን የሚያገኛችሁ ከመድረኩ በቀጥታ የሚወጣው ድራምና የጊታር አምፕሊፋየር ነው። ስንኙን ካላወቃችሁት ምን እንደተባለ አይገባችሁም።

ከግድግዳና ከማዕዘን ደግሞ ራቁ። ቤዝ እዚያ ይከማቻል፣ ሁሉም ነገር "ቡም ቡም" ብቻ ይሆንባችኋል። በጣም ወደ ኋላ ከሄዳችሁም ሌላ ነገር አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚጓዘው፣ ስለዚህ 34 ሜትር ላይ ከሆናችሁ የሰከንድ አንድ አስረኛ ያህል ዘግይቶ ይደርሳችኋል። ሰፊ ሜዳ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፣ በትሩ ይወርዳል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005 ለቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት ዓመት መስቀል አደባባይ ሕዝብ የሞላበትን ኮንሰርት አስቡት፣ ደረጃው ላይ ያለው ሰውና መድረኩ ሥር ያለው ሰው እኩል አያጨበጭቡም።

ምርጡ ቦታ ሚክሰሩ፣ ማለትም የድምፅ ማስተካከያው ጠረጴዛ፣ ያለበት ነው። ሳውንድማኑ ቁልፎቹን የሚያስተካክለው እሱ በቆመበት በሚሰማው ድምፅ ነው፣ ስለዚህ ከሱ ፊት ለፊት ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ስትቆሙ እሱ የሚሰማውን ትሰማላችሁ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። የመጀመሪያዎቹን አራት አምስት ዘፈኖች ሚክሰሩ ጋ ሆኜ በደንብ አደምጣለሁ፣ ድምፃውያኑ ለየብቻቸው ጥርት ብለው ይሰሙኛል፣ ሳላስበው ዓይኔ እንባ የሚሞላውም እዚያ ነው። ከዚያ ሕዝቡ ሲላላ፣ ሰው መጠጥ ሊገዛ ሲወጣ፣ በጎን በኩል "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያልኩ ወደ ፊት እጠጋለሁ። መሃሉን ሰንጥቃችሁ አትሂዱ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቦታ የያዘ ሰው አለ። መጨረሻውን ከፊት ሆኜ እቀበላለሁ። በዚያ ሰዓት የድምፅ ጥራት አያስፈልገኝም፣ ግጥሙን አውቀዋለሁ።

ቁመታችሁ አጭር ከሆነ በመድረኩ ጎን በኩል ሞክሩ፣ ሰው ሳሳ ይላል። ጓደኛችሁን ትከሻ ላይ አታውጡ፣ ለኋለኛው ሰው ግፍ ነው። መጨናነቁ ከበረታ ሁለት ክንዳችሁን ደረታችሁ ፊት አድርጋችሁ ለመተንፈሻ ቦታ ያዙ፣ ከግፊው ጋር አትታገሉ፣ በዝግታ በሰያፍ ወደ ጎን ውጡ። የወደቀ ካያችሁ ዘፈኑን ትታችሁ አንሡት። ሴት እህቶቻችን ላይ እጁን የሚሰድ ካያችሁም ዝም አትበሉ፣ ጥበቃ ጥሩ። የኛ ባንድ ሕዝብ እንዲህ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ጆሯችሁን ጠብቁ። ይህን ሰው ንቆ ያልፈዋል፣ እኔ ግን አጥብቄ ነው የምለው። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው፣ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን እስከ 8 ሰዓት ርዝመት ቢሰማ ብዙም ጉዳት አያመጣም ይባላል። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፣ የሮክ ኮንሰርት ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። ጥጥ አይሠራም። ስፖንጅ የሆነውን የጆሮ መድፈኛ ከፋርማሲ ፈልጉ። በጣታችሁ አጥብቃችሁ አሽታችሁ ቀጭን አድርጉት፣ በሌላው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ አስገቡት፣ እስኪነፋ በጣታችሁ ያዙት። ሙዚቃው አይጠፋም፣ መጮሁ ብቻ ይቀንሳል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ያለሱ አታስገቡት። ስፒከሩን ተደግፎ መቆምም የለም።

ስልካችሁን በተመለከተ አንድ ዘፈን ቅዱ፣ አንድ ብቻ። የትኛው እንደሆነ ቤት ውስጥ ወስኑ። ስፒከር ሥር ሆናችሁ የቀዳችሁት ነገር ጠዋት ስትከፍቱት መንጫጫት ነው፣ የስልክ ማይክ ያን ያህል ድምፅ አይችልም። ሚክሰሩ ጋ ሆናችሁ ቅዱት። ከዚያ ኪስ። ሁለቱም እጃችሁ ስልክ ከያዘ ማን ያጨብጭብ?

ከጓደኞቻችሁ ጋር ከሆናችሁ መገናኛ ቦታ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከግቢው ውጪ የሚታወቅ ነገር ይሁን። ለመመለሻም አስቡ። ባቡሩ ሌሊቱን አይሠራም፣ ሚኒባሱም ይሳሳል። በር ላይ ቆማችሁ ራይድ አትጥሩ፣ ሁሉም እዚያው ስለሚጠራ መኪናው አይገባም። ከስታዲየም ከሆነ ጀማውን ይዛችሁ መብራት ባለበት መንገድ ወደ ለገሃር በኩል ትንሽ ውረዱና ከዚያ ጥሩ። አባቶቻችን በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት በር ተዘግቶባቸው እስኪነጋ ሂልተን ውስጥ ዋልያስ ባንድን ይሰሙ ነበር። ያን ሳስብ የኔ የታክሲ ጥበቃ ምንም አይመስለኝም።

መኪና ውስጥ ስትገቡ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል እየተረዳዳችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። በምን ከፈቱ፣ የትኛውን አስረዘሙት፣ የትኛው ላይ ማይኩን ወደ እናንተ አዞሩት። እዚያው ማታውኑ አድርጉት፣ ጠዋት ግማሹ ይጠፋል። እኔ ስድስት እንደዚህ ያለ ዝርዝር አለኝ፣ የመጀመሪያው ከሁለተኛው ዘፈን ነው የሚጀምረው።