በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ መሸጥ፦ ከቤት የሚጀመር የባልትና ንግድ እንዴት ይመራል?

ባልትና ለመጀመር ትልቅ ካፒታል አይጠይቅም። ሙያው ካለና ወፍጮ ቤት በቅርብ ከተገኘ መነሻው አለ። ችግሩ ብዙ ሰው እየሸጠ መክሰሩ ነው። ስለዚህ ከማስታወቂያ በፊት ሂሳብ እንስራ።

1. የአንዱን ኪሎ እውነተኛ ወጪ አውጡ

10 ኪሎ ዛላ በርበሬ ኪሎውን በ600 ብር ገዛችሁ እንበል። (የገበያ ዋጋ ይሄ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለስሌት እንዲመች ነው።) 6,000 ብር ወጣ። ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱና ጨው ተደምሮ 900። ወፍጮ 150፣ ትራንስፖርት 250፣ ማሸጊያ 200። ጠቅላላ 7,500 ብር።

በርበሬው ግን ሲቀነጠስና ሲደርቅ ይቀንሳል። ቅመሙ ታክሎበት ተፈጭቶ 9 ኪሎ ቢወጣ፣ አንዱ ኪሎ 833 ብር ገደማ ፈጅቷል። «በ600 ገዝቼ በ800 ብሸጥ 200 አተርፋለሁ» ያለ ሰው በየኪሎው 33 ብር ከኪሱ እየጨመረ ነው የሚሸጠው። ያውም የራሱን ጉልበት ሳይቆጥር! መቀንጠሱ፣ ማስጣቱ፣ መውቀጡ ሌላ ሰው ቢሰራው ይከፈልበት ነበር። እናንተም ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ።

2. የሱቁንና የቤቱን ብር ለዩ

ለንግዱ ብቻ የሚሆን የባንክ ሂሳብ ወይም ቴሌብር ይኑራችሁ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከደሞዛችሁ እንጂ ከዛላ መግዣው አይወጣም። እቁብ ከገባችሁም እንደዚያው፣ ከትርፍ።

3. በጾሙና በበዓሉ አቅዱ

የዚህ ንግድ ካላንደር የታወቀ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሽሮ የሚፈለግበት ጊዜ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ጾሙ ከገባ በኋላ ሽምብራ ፍለጋ መሮጥ አያዋጣም፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ተቆልቶ፣ ተከክቶ መጠበቅ አለበት። በርበሬ ደግሞ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ይነሳል። ዛላውን አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ መያዝ ይሻላል፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታልና ብዙ ከማከማቸታችሁ በፊት ጨብጣችሁ እዩት።

4. ሰው ቀምሶ ይመን

የተፈጨ በርበሬ ሲገዛ ሁሉም የሚፈራው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ነው። ማስታወቂያችሁም ለዚህ ስጋት መልስ ይስጥ። ዛላው ሲቀነጠስ፣ ሽምብራው ሲታመስ በስልክ ቅረጹና ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ልቀቁ። ፎቶ በመስኮት ብርሃን ይነሳ፤ በአምፖል የተነሳ በርበሬ ቡናማ ይመስላል። ዋጋውንም እዚያው ጻፉ። «ለዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉት ነገር ገዢ ያባርራል።

ከቪዲዮውም በላይ የሚሰራው ቅምሻ ነው። ሽሮ ለገዛ ሰው ለአንድ ወጥ የምትበቃ በርበሬ በትንሽ ፌስታል ጣል አድርጉለት። ማሸጊያው ላይ ክብደት፣ የተዘጋጀበት ቀንና ስልክ ቁጥር ይኑር። ከሳምንት በኋላ ደውላችሁ «ጨው አልበዛም?» ብላችሁ ጠይቁ። በዝቷል ካሉ አትከራከሩ፤ የሚቀጥለውን አስተካክሉ።

5. ለሱቆች ስታስረክቡ

ትልልቅ መደብሮች ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አስቀድማችሁ ጨርሱ። የሰፈር ሱቅ ብዙ ጊዜ «ሸጬ ልክፈል» ይላል። ለመግባት ሲባል እሺ ማለት ይቻላል፤ ግን በትንሹ። ምን ያህል እንደወሰደና መቼ እንደሚከፍል በደብተር ጽፋችሁ አስፈርሙ። የመጀመሪያው ዙር ሳይከፈል ሁለተኛው አይውጣ። ሂሳብ ልትሰበስቡ ስትሄዱ መደርደሪያውንም እዩ፤ የቆየ ካለ አንሱና በአዲስ ተኩ። የነቀዘ ሽሮ ያገኘ ደንበኛ ባለሱቁን ሳይሆን ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም ነው የሚያማው።