ጃኬቱን ራሱ ይልበስ፦ ልጃችሁ ዲሲ ውስጥ ሞንቴሶሪ ሲጀምር

ልጄ ትምህርት ቤት በጀመረ በሁለተኛው ቀን የምሳ ዕቃው እንዳለ ተመለሰ። ፍርፍሩ አልተነካም። «ምነው ሳትበላ?» ስለው «ማንም አላጎረሰኝም» አለኝ። ሦስት ዓመት ተኩሉ ነበር። እስከዚያ ቀን እኔ ወይም አያቱ እናጎርሰው ነበር እንጂ በእጁ በልቶ አያውቅም። ያን ማታ አለቀስኩ። እናንተ እንዳታለቅሱ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ምዝገባው። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ከሆናችሁና ልጃችሁ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት ከሞላው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች በነፃ መማር ይችላል። ቦታ የሚደለደለው «ማይ ስኩል ዲሲ» በሚባለው ዕጣ ነው። ዕጣው ካለፈ በኋላ የመጣችሁም ማመልከትና ተራ መያዝ ትችላላችሁ፤ ተስፋ አትቁረጡ። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ሞንቴሶሪ ናቸው፤ ልጁ በእጁ እየሠራ፣ ራሱን እየቻለ የሚማርባቸው ማለት ነው። አድራሻችሁ ከዲሲ ውጪ፣ ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆነ የራሳችሁን ካውንቲ ወይም ከተማ ጠይቁ።

የግል ከሆነ ደግሞ ስሙን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። «ሞንቴሶሪ» የሚለውን ስም ማንም በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል። ገብታችሁ እዩ። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አብረው አሉ? ጠዋት ለ3 ሰዓት ያህል ሳይቋረጡ ይሠራሉ?

ትምህርት የሚጀመረው ኦገስት ሲያልቅ ነው። ብዙ ክፍሎች የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያሳጥራሉ፤ ልጁ አንድና ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይመለሳል። የሥራ ፈረቃችሁን ቀድማችሁ አስተካክሉ።

በእነዚያ ሳምንታት ከወላጆቻችን የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው። «ኤቢሲዲ እንኳ አላስተማሩትም፤ ውሃ ሲቀዳ ነው የሚውለው!» እኔም ብዬዋለሁ። አንድ ጠዋት ግን በመስኮት ቆሜ አየሁ። አንዲት ልጅ ትሪ ይዛ በሁለት እጇ ቀስ ብላ መጣች። ትሪው ላይ ሁለት ትናንሽ ጆጎች አሉ። ከግራው ወደ ቀኙ ስትቀዳ ፈሰሰባት። ማንም «ተይ!» አላላትም። ስፖንጅ አምጥታ ጠረጴዛውን ጠረገች፤ ከዚያ እንደገና ቀዳች። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። እጇ እየረጋ ሲሄድ ይታይ ነበር።

ትምህርቱ ይኸው ነው። ምንጣፍ መጠቅለል፣ ወንበር ሳያንኳኩ ማስገባት፣ የሌላ ልጅ ሥራ ሳይረግጡ ምንጣፉን ዞሮ ማለፍ፣ ቁልፍ መቆለፍ። ዛሬ የሚቀዳው እጅ ነገ እርሳስ ይይዛል። ፊደሉ ሲመጣም ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ነው፤ ልጁ በጣቱ እየዳሰሰ ይማረዋል። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 (እ.ኤ.አ.) ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሃ ሠራተኞች ሰፈር የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» ስትከፍት፣ ልጆቹ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ጠባቂ ያጡ ነበሩ። ከእኛ ኑሮ ሩቅ አይደለም።

እቤት የምትሠሩት እንግዲህ ይህን ነው። በእጁ ይብላ። ጉርሻውን አትተዉ፤ ጉርሻ ፍቅር ነው። ግን ማዕዱ ሲያልቅ አንዴ ይሁን። የምሳ ዕቃውን ራሱ ከፍቶ መዝጋት ይለማመድ፤ የማይከፍተውን አትግዙ። ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎ አትላኩ፣ በአለርጂ ምክንያት ብዙ ቦታ ክልክል ነው።

መስከረም ሲገባደድ ጠዋቱ ይበርዳል። መምህራኑ ጃኬት ማልበሻ ዘዴ አላቸው፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ጃኬቱ መሬት ላይ በጀርባው ይዘረጋል፣ ኮፍያው ልጁ እግር ሥር ይሆናል። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጆቹን ያስገባና በራሱ ላይ ይገለብጠዋል። ለበሰ! ልጄ በሦስተኛው ቀን ቻለበት። እናንተ ዚፑን ጀምሩለት፣ እሱ ይሳበው። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ተነሱ፤ ስትቸኩሉ እጃችሁ አያርፍም።

ስንብቱ አጭር ይሁን። ዘወር ሲል ሹልክ ብላችሁ አትውጡ፤ ነገ ዓይኑን ከእናንተ ላይ አይነቅልም። ሳሙት፣ «ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» በሉት፣ ሂዱ። በር ላይ መምህርቷ ዝቅ ብላ እጁን ትጨብጠዋለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። የእኛ ልጅ አንገቱን ይደፋል። ይህ እኛ ዘንድ ጨዋነት እንደሆነ ንገሯት፤ ፈርቷል ብላ እንዳታስብ።

ለሳምንታት ዝም ሊል ይችላል። አዲሱን ቋንቋ እያዳመጠ ነው። ደንግጣችሁ እቤት ወደ እንግሊዝኛ አትዙሩ። አማርኛችሁን አውሩት፣ ተረት ንገሩት። ብዙ ከቆየባችሁ ግን ሐኪሙን አማክሩ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በእነዚህ ክፍሎች ልጆች አበባ ያስተካክላሉ። ግንዱን በትንሽ መቀስ ቆርጠው፣ ውሃ ቀድተው፣ በትናንሽ ብልቃጥ እየከተቱ ጠረጴዛ ላይ ያኖራሉ። የእኛ አደይ አበባ ቢደንስ ከሚባለው የአበባ ወገን ነው፤ የዚያው ወገን ቢጫ አበባ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መንገድ ዳር ልክ በመስከረም ያብባል። መጀመሪያ ሳየው መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ፓርክ ውስጥ አትቅጠፉ እንጂ፣ ለእንቁጣጣሽ ከጓሯችሁ ወይም ከሱቅ ጥቂት ቢጫ አበባ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ ለልጃችሁ ስጡት። ይዞ የሚገባው እሱ ይሁን።