ከስትሮክ በኋላ እጅን ዘርግቶ ዕቃ ማንሳትን በቤት እንዴት እናለማምድ?

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ስትሮክ ያገኛቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አሠራለሁ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «አባባ፣ እጅዎን ያንሱ! ይዘርጉ!» እያለ ያስጨንቃቸዋል። እኔ ደግሞ ስለ እጃቸው አታውሩ እላለሁ። የሚፈልጉትን ነገር ፊታቸው አስቀምጡላቸው።

አንድ ልብስ ሰፊ አባት አሉ። «ክንድዎን ወደ ፊት» ሲባሉ ትከሻቸው ብቻ ወደ ላይ ይሰበሰባል። የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሳደርግላቸው ክንዳቸው ተዘረጋ።

አንጎል ለእጅ እንቅስቃሴ የሚያወጣው ዕቅድ የሚነሳው ከጡንቻ ሳይሆን ከግቡ ነው። ከጭንቅላታችን በላይኛው የኋላ በኩል ያለው ፓራይታል የሚባለው የአንጎል ክፍል፣ ዕቃው ያለበትንና እጃችን ያለበትን ቦታ ያገናዝባል። ከእሱ ፊት ያሉት የእንቅስቃሴ ክፍሎች ያንን ትእዛዝ አድርገው በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ ጡንቻ ይልኩታል። ካልቴክ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪ የሆነው ሪቻርድ አንደርሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአንገቱ በታች ሽባ የሆነ ሰው እጁን ወዴት ሊዘረጋ እንዳሰበ ከዚሁ ክፍል ሴሎች አንብበዋል። የእሱ ጉዳት አንጎሉ ላይ አልነበረም፤ ስትሮክ ከዚያ ይለያል። ቢሆንም ክንድ ዝም ሲል ሐሳብ አብሮ እንደማይሞት ማወቅ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አባባ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ እግራቸው መሬት ይርገጥ፤ የደከመው ክንድ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ባዶ ሲኒ ትንሽ ጥረት በሚጠይቅ ርቀት አስቀምጡ። «ሲኒውን ያቀብሉኝ» በሏቸው። መጀመሪያ ሲኒውን ይዩት፤ አትቸኩሉ።

ጣቶቹን አስተውሉ። ጤነኛ እጅ ገና መንገድ ላይ እያለ ከዕቃው በላይ ይከፈታል፤ ሊደርስ ሲል ይጠባል። ይህ እንዲመለስ ዕቃ ቀያይሩ፦ ብርጭቆ፣ ብርቱካን፣ ቁልፍ።

ከዚያም ዓላማ ጨምሩ። አፉ ወደ ታች የተደፋ ብርጭቆ ልታቃኑ ስትሉ፣ ብርጭቆውን ገና ሳታነሱት እጃችሁን ገልብጣችሁ እንደምትይዙት ሞክራችሁ እዩ። አንጎል ቀጥሎ የሚሆነውን ቀድሞ ያሰላል። ስለዚህ «አንሱት» ብቻ ሳይሆን «አንስተው ረከቦቱ ላይ ያድርጉት» በሉ።

ወገባቸውን አጎንብሰው እንዲደርሱ አትፍቀዱ፤ ዕቃውን አቅርቡላቸው። የደከመውን ክንድ በፍጹም አትጎትቱ፤ ትከሻው ይጎዳል። ካመማቸው አቁሙ።

ክንዳቸው ጨርሶ እምቢ ካለ ሲኒውን እያዩ ሲያነሱት በሐሳባቸው ይሥሩት። ቀጥሎ እናንተ ክርናቸውንና የእጅ አንጓቸውን ደግፋችሁ አድርሱላቸው።